ለውሻ ማይክሮቺፕ ማስገባት፦ ወሎ ላለ የውሻ ባለቤት

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ከደሴ ስንወጣ ውሻችን ቀረ። የግቢውን በር ገርበብ አድርገን፣ አንድ ሳፋ ውሃ አስቀምጠንለት ነው የሄድነው። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ግቢው ባዶ ነበር። ከሳምንታት በኋላ «ኮምቦልቻ እሱን የመሰለ አየን» ሲሉኝ ሄድኩ። ውሻው ቢጫ ነው፤ የኛም ቢጫ ነበር። ይዞት ያገኘሁት ሰው ጨዋ ሰው ነው፣ አልተቆጣኝም፤ «ወንድሜ፣ ያንተ መሆኑን በምን ልወቅ?» ብቻ አለኝ። የክትባት ደብተሩ ከቤቱ ዕቃ ጋር ሄዷል። ፎቶው የጠፋው ስልክ ውስጥ ነው። ውሻው ጭራውን ቆላልኝ፤ ግን ለሰውዬውም ይቆላ ነበር። ባዶ እጄን ተመለስኩ። የኛ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም።

አሁን ያለን ውሻ ቺፕ አለው። ሲገባለትና ከዚያ በኋላ የተማርኩትን፣ የተሳሳትኩትንም ጭምር፣ በቅደም ተከተሉ አስቀምጬዋለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ቺፑ ምንድን ነው?

ርዝመቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ የመስታወት ፍሬ ነው፤ ከገብስ ፍሬ ትንሽ ረዘም ይላል። ውስጡ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦና አንዲት ሚጢጢ ቺፕ አለች። ባትሪ የለውም፣ ስለዚህ አያልቅም፣ አይሞቅም፤ ውሻው ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል። ስካነር የሚባለው ማንበቢያ ሲጠጋው በማንበቢያው የሬዲዮ ሞገድ ይነቃና ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ይመልሳል። ሥራው ይኸው ነው። ስማችሁ፣ ስልካችሁ፣ የክትባቱ ታሪክ ቺፑ ውስጥ የለም።

ጎረቤታችን አንድ አባት ነገሩን ስነግራቸው «እንግዲያው አሁን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ በስልክህ ታየዋለህ በለኛ!» አሉኝ። አላየውም አባባ። ጂፒኤስ አይደለም። ማንበቢያው ከውሻው ጀርባ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ካልሆነ ቺፑ ዝም ነው። ይህን መጀመሪያ ያልተረዳ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ በኋላ ይቆጫል።

ደረጃ 1፦ የናንተ ውሻ ያስፈልገዋል ወይ?

ደላንታ ወይም ዋድላ ላይ በግ የሚጠብቅ ውሻ ካላችሁ፣ በእኔ አስተያየት ገንዘባችሁን መጀመሪያ በእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ቀጥሎ በአንገት ማሰሪያ ላይ አውሉት። ማንበቢያ በሌለበት አገር ቺፕ የሚያየው የለም። ክትባቱ ግን ለልጆቻችሁም፣ ለከብቶቻችሁም፣ በአቡነ ዮሴፍና በቦረና ሳይንት ተራራ ላይ ለቀሩት ጥቂት ቀይ ቀበሮዎችም ጭምር ነው፤ እነሱን ከሚፈጇቸው ነገሮች አንዱ ካልተከተበ ውሻ የሚጋባባቸው በሽታ ነው።

ከተማ ውስጥ ለሚኖር፣ በገንዘብ ለተገዛ፣ ለሚራባ ወይም ከባለቤቱ ጋር ውጭ አገር ለሚሄድ ውሻ ግን ቺፕ ትርጉም አለው። «የእኔ ነው»፣ «የለም የእኔ ነው» ሲባል በአፍ ከመከራከር የሚያወጣው እሱ ነው።

ቺፕ አስገባሁ ብላችሁ የአንገት ማሰሪያውን እንዳትፈቱ። የባዘነ ውሻ በመርዝ ሲወገድ ማንም ማንበቢያ ይዞ አይዞርም፤ ከሩቅ የሚታየው ማሰሪያው ነው። ስልካችሁን በማይለቅ ቀለም ማሰሪያው ላይ ጻፉ።

ደረጃ 2፦ ደውላችሁ ጠይቁ

እኛ ዘንድ የእንስሳት ክሊኒክ የዕለት ሥራው በሬ፣ በግና አህያ ነው። የውሻ ቺፕ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀናል ብላችሁ ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ የግል የእንስሳት ሐኪሞችን፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትንም መጀመሪያ በስልክ ጠይቁ። ከአዲስ አበባ ታዞ የሚመጣ ከሆነ ቀን ተቀጠሩ። ስትደውሉ እነዚህን ጠይቁ፦

- ቁጥሩ 15 አሃዝ ነው? አይ.ኤስ.ኦ 11784 እና 11785 የሚባለውን ደረጃ ያሟላል? እነዚህ በ134.2 ኪሎኸርዝ የሚነበቡት ናቸው። ባለ 9 ወይም ባለ 10 አሃዝ የሆኑ የቆዩ ዓይነቶች አሉ፤ ብዙ ማንበቢያ አያያቸውም፣ ለጉዞም አይሆኑም።
- ማንበቢያው እዚያው አለ? ከሌለ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ማንበቢያ ሳይኖረው ቺፕ የሚያስገባ፣ ሚዛን ሳይኖረው ጤፍ እንደሚሸጥ ነጋዴ ነው።
- ዋጋው መርፌውን፣ የክትባት ደብተሩንና ምዝገባውን ይጨምራል? ወይስ የቺፑ ብቻ ነው?

ስለ ቁጥሩ አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች 900 ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ የአምራቹ መለያ ነው፤ ከ900 በታች ከሆኑ የአገር ኮድ ነው፤ የኢትዮጵያ 231 ነው። በ999 የሚጀምር ካያችሁ ግን አትቀበሉ፤ እሱ ለሙከራ የሚሠራ ነው።

ዘመድ ከውጭ ቺፕ ሊያመጣላችሁ ይችላል። ጥሩ ነው፤ እሽጉ ሳይከፈት፣ የአገልግሎት ጊዜው ሳያልፍ ለሐኪም ስጡ። ቪዲዮ አይቶ ራስ ለመውጋት መሞከር ግን የለም። መርፌው ከክትባት መርፌ በጣም ይወፍራል፤ ቦታውን የሳተ ሰው ጡንቻ ውስጥ ይከተዋል፣ ወይም በቆዳው ማዶ አሾልኮ መሬት ላይ ይጥለዋል።

ደረጃ 3፦ ውሻውን አዘጋጁ

ቡችላ ከ8 ሳምንት ጀምሮ ቺፕ ሊገባለት ይችላል። እኔ ግን 12 ሳምንት እስኪሞላው ጠብቁ እላለሁ፤ ያኔ የእብድ ውሻ ክትባቱንም በአንድ ጉዞ ትጨርሳላችሁ። የታመመ፣ ያተኮሰው ወይም ትከሻው ላይ ቁስል ያለው ውሻ እስኪድን ይቆይ። ከቀጠሮው ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ እጠቡት፣ መዥገሩንም ንቀሉለት።

ከባዱ ሥራ ማድረሱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ ያደረ የግቢ ጠባቂ ገመድ ላይ መሄድ አያውቅም፣ ባጃጅ ሲያይ ይሸናል። ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ በገመድ አለማምዱት፤ የቆመ ባጃጅ ውስጥ አስገብታችሁ ዳቦ ስጡት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የምትወርዱ ከሆነ ጠዋት አታብሉት፤ የሐረጎ ጥምዝምዝ ሰውንም ያስመልሳል። የባጃጅ ሾፌሩን ቀድማችሁ አስፈቅዱት፣ ለመቀመጫውም ማዳበሪያ አንጥፉ።

አፍ ማሰሪያ ከሌላችሁ ከአሮጌ ነጠላ አራት ጣት የሚሰፋ፣ ክንድ ተኩል የሚረዝም ቁራጭ ቅደዱ። መሐሉን አፍንጫው ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥማችሁ አገጩ ሥር አቋልፉት፤ ከዚያ ሁለቱን ጫፍ ከጆሮው ኋላ ወስዳችሁ በቀላሉ በሚፈታ ቋጠሮ እሰሩት። አፉ ታስሮ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ሙቀት ከሆነና እያለከለከ ከሆነ አትሰሩት፤ ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በአፉ ነው። አፍንጫው አጭር ለሆነ ውሻም ይህ ዘዴ አይሆንም።

የሚይዘው ሰው ውሻው የሚያምነው ይሁን፤ ብዙ ቤት ውስጥ ያ ሰው አባወራው ሳይሆን ምግቡን የሚሰጠው ልጅ ነው። ልጁ ለአቅመ መያዝ ካልደረሰ ግን ከራሱ በኩል ቆሞ ያናግረው፣ ትልቅ ሰው ይያዝ። እስላም ቤት የምትኖሩ ምራቁ ከነካችሁ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ የማጠቡን ነገር እኔ ልነግራችሁ አይገባኝም። ቅያሪ ልብስና አንድ ፎጣ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቀጠሮውንም ከዙህር በኋላ ብታደርጉት አትዋከቡም።

ደረጃ 4፦ ጠረጴዛው ላይ

እዚህ ጋ ቅደም ተከተሉ ራሱ ሥራ ነው። ሐኪሙ ከተጣደፈ በትሕትና አስታውሱት።

መጀመሪያ ውሻው ባዶውን ይነበብ። «ከየት አባቱ ቺፕ ይኖረዋል?» አትበሉ፤ ከአዲስ አበባ የተገዛ ውሻ ሻጩም ሳያውቀው ቺፕ ሊኖረው ይችላል። ካለው ሁለተኛ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የመዝገቡን ስም ማዛወር ነው።

ቀጥሎ ቺፑ ገና እሽጉ ውስጥ እያለ ይነበብ። ማንበቢያው ያሳየው ቁጥር ከእሽጉ ጋር በመጡት ባለ ባርኮድ ስቲከሮች ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ጮክ ብላችሁ አሃዝ በአሃዝ አስተያዩ። ስልካችሁን አውጥታችሁ ፎቶ አንሱ። የሞተ ቺፕ ካለ የሚታወቀው እዚህ ነው፤ ከገባ በኋላ ማወቅ ምን ያደርጋል?

አሁን ይወጋል። ውሻው ይቆማል ወይም በደረቱ ይተኛል። ሐኪሙ በሁለቱ ትከሻ አጥንቶች መሐል ያለውን ቦታ በአልኮል ይጠርጋል፣ ላላ ያለውን ቆዳ ቆንጥሮ ያነሳል፣ መርፌውን ከቆዳው ሥር አስገብቶ ይገፋዋል፤ መርፌውን ካወጣ በኋላ ቀዳዳውን ለአፍታ በጣቱ ይጫናል። ማደንዘዣ አያስፈልግም። አያምም ብዬ አልዋሽም፤ የኛ አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ዳቦውን ፈለገ። ሊኮላሽ የተቀጠረ ውሻ ካላችሁ ግን ሁለቱን በአንድ ቀን ብታደርጉት ደንዝዞ ሳለ ያልቃል።

ወዲያው እንደገና ይነበብ። ቁጥሩ ካልወጣ ጠረጴዛውንና መሬቱን እዩ፤ ፀጉሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

የእብድ ውሻ ክትባቱ የሚሰጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ግን ቺፑ ይቅደም። ከቺፑ በፊት የተሰጠ ክትባት የትኛው ውሻ እንደተከተበ ማረጋገጫ ስለሌለው ወደ አውሮፓም ወደ አሜሪካም ለመውሰድ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ይህን ሳላውቅ አንድ ክትባት አስደግሜያለሁ።

ደረጃ 5፦ ወረቀቱ

አንዱ ስቲከር የክትባት ደብተሩ ላይ፣ አንዱ የክሊኒኩ መዝገብ ላይ ይለጠፍ። ሦስተኛውን ቤት ውስጥ ከካርታና ከልደት ሰርተፊኬት ጋር አስቀምጡት። የስቲከሩን፣ የደብተሩንና ከፊትና ከጎን የተነሳ የውሻውን ፎቶ ደግሞ በቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩት፤ አዲስ አበባ ላለ አንድ ዘመድም ላኩለት። የኛን ቤት የሆነውን ያያችሁ ይህን ማጋነን አትሉትም።

ቀኑን በተመለከተ ተጠንቀቁ። ሐኪሞቻችን በልማድ 5/5/2017 ብለው ይጽፋሉ፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለታቸው ነው። ውጭ አገር ያለ የጉምሩክ ሰው ሲያነበው ግንቦት ወር፣ ያውም ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት ይሆንበታል፤ ውሻው ሳይወለድ ተከትቧል ማለት ነው። ስለዚህ የቺፑም የክትባቱም ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፦ ጥር 5፣ 2017 ዓ.ም. እና ጃንዋሪ 13፣ 2025 እ.ኤ.አ.። የወሩ ስም በፊደል ይሁን እንጂ በቁጥር አይሁን። የክትባቱ ሰርተፊኬት ላይ 15ቱም አሃዞች፣ የክትባቱ ስም፣ የብልቃጡ ባች ቁጥር፣ የሐኪሙ ፊርማና ማኅተም መኖሩን ሳታዩ ከክሊኒኩ አትውጡ።

ደረጃ 6፦ ቁጥሩን ከስልካችሁ ጋር እሰሩት

ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ነው። ቺፑ ገባ፣ ስቲከሩ ተለጠፈ፣ አለቀ። አላለቀም። ያልተመዘገበ ቺፕ ያለው ውሻ ማንበቢያ ሥር ቢቆም የሚወጣው ቁጥር የማንም ነው።

ሐኪሙን «በየትኛው የኢንተርኔት መዝገብ ነው የምታስገባልኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «በደብተራችን ላይ ጽፈነዋል» ከሆነ፣ የቺፑን አምራች ስም ከእሽጉ ላይ አይታችሁ የአምራቹን የምዝገባ ገጽ ፈልጉ፤ ከሌሎች አገሮች የሚመዘግቡ ዓለም አቀፍ መዝገቦችም አሉ። ስትሞሉ፦

ስልካችሁን የመጀመሪያዋን ዜሮ ትታችሁ በ+251 ጀምሩ። ሁለት ሰው አስመዝግቡ፤ ሁለተኛው ሌላ ከተማ የሚኖር ይሁን። ሲም ካርድ ስትቀይሩ የመጀመሪያ ሥራችሁ መዝገቡን ማስተካከል ይሁን። እኔ ራሴ የቀየርኩትን ስልክ ለሰባት ወር ሳላስተካክል ኖሬያለሁ፤ ደግነቱ ውሻው አልጠፋም። አድራሻ ላይ የቤት ቁጥር ብቻ አትጻፉ፤ ሰው የሚያውቀውን ምልክት ጨምሩ፦ «ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ ከመስጊዱ ጀርባ» ዓይነት።

ውሻውን ስትሸጡ ወይም ስትሰጡ መዝገቡ ይዛወር። ስትገዙም ደብተሩን ብቻ ሳይሆን የመዝገቡን ዝውውር ጠይቁ። ያለዚያ ውሻው ጠፍቶ ሲገኝ የሚደወለው ለሻጩ ነው።

ደረጃ 7፦ ቤት ከገባችሁ በኋላ

ለሁለት ሦስት ቀን አትጠቡት፣ ቦታውን አትሹት። ልጆች «የት አለ?» እያሉ እንዳይፈልጉት ንገሯቸው። አተር የምታህል እብጠት በቀናት ውስጥ ትጠፋለች። መግል፣ ትኩሳት ወይም እያደር የሚያድግ እብጠት ካያችሁ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ።

ቺፕ ከገባበት ቦታ ሊንሸራተት ይችላል፤ ወደ ትከሻ፣ አንዳንዴም ወደ ፊት እግር ይወርዳል። ውሻውን አይጎዳውም፤ የሚጎዳው «ቺፕ የለውም» ብሎ የሚቸኩል ሰው ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ለክትባት ስትሄዱ አስነብቡት፣ የት እንዳለም ደብተሩ ላይ ይጻፍ።

ወደ ውጭ የምትወስዱት ከሆነ

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለእረፍት የመጣ ዘመድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቡችላ ይዤ ልሂድ ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። አይሆንም። ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለመግባት ቺፕ፣ ቀጥሎ ቢያንስ በ12 ሳምንት ዕድሜ የተሰጠ ክትባት፣ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ የተቀዳ ደም፣ ኅብረቱ በሚቀበለው ላቦራቶሪ የተገኘና ከ0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት በሚሊ ሊትር ያላነሰ ውጤት፣ ከዚያ ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ያስፈልጋል። መስከረም 1 ቺፕና ክትባት ብትጀምሩ፣ ደሙ ጥቅምት 1 ይቀዳል፣ ሁሉም ቢሳካ ውሻው የሚሄደው ጥር መጀመሪያ ላይ ነው።

አሜሪካ ከኦገስት 1፣ 2024 ወዲህ ማንኛውም ውሻ ሲገባ ቢያንስ 6 ወር የሞላውና የሚነበብ ቺፕ ያለው እንዲሆን ትጠይቃለች። ኢትዮጵያ የውሻ እብደት ስጋት ያለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ተጨማሪ ቅጽ አለ። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የምትሄዱበትን አገር ኤምባሲና አየር መንገዱን ጠይቁ፤ ደንቡ ይለዋወጣል።

ከጠፋ፣ ከነከሰ፣ ወይም የሰው ውሻ ካገኛችሁ

ከጠፋባችሁ መጀመሪያ መዝገቡ ላይ ያለው ስልክ የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ፣ ከዚያ በአካባቢው ያሉትን የእንስሳት ክሊኒኮች ቁጥሩን ነግራችሁ አስመዝግቡ፣ ከዚያ ፎቶውን ይዛችሁ በእግር ዙሩ። እረኛ፣ ሊስትሮና የጥበቃ ሠራተኛ ከማንም በላይ ያያሉ።

ውሻችሁ ሰው ከነከሰ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ተነካሹ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ደብተሩን ይዛችሁ አብራችሁት ሂዱ፤ የቺፑ ቁጥር ያለበት የክትባት ሰርተፊኬት ሐኪሙ ለሚወስነው ውሳኔ ይጠቅመዋል፣ ግን በሱ ተማምኖ ሰው ከሕክምና አይቀርም። ውሻውን አትግደሉት፤ ለ10 ቀን ታስሮ ይታይ።

የሰው ውሻ ካገኛችሁ ክሊኒክ ወስዳችሁ አስነብቡት። ባለ ብረት ማሰሪያውን አውልቁ፣ ከብረት ጠረጴዛ ላይ አውርዱት። ማንበቢያው ከትከሻው መሐል ተነስቶ እያጠማዘዘ ቀስ ብሎ ይሂድ፤ ሁለቱን ጎን፣ ሁለቱን የፊት እግሮች እስከ ክርን ይፈትሽ። አንድ ጊዜ ዝም ካለ ይደገም። ቁጥር ከወጣ ዩሮፔትኔት በሚባለው የአውሮፓ መዝገቦች የጋራ መፈለጊያ ላይ አስገቡት፤ የባለቤቱን ስልክ አይሰጣችሁም፣ የትኛው መዝገብ እንደያዘው ግን ይነግራችኋል፣ መዝገቡም ለባለቤቱ ያደርሳል። እዚያ ከሌለ ቁጥሩን ለደሴና ለኮምቦልቻ ክሊኒኮች አንድ በአንድ ደውላችሁ አንብቡላቸው፤ ደብተራቸው ላይ የተለጠፈ ስቲከር ሊኖር ይችላል።